ነዳጅ የማትበላው ሴይቼንቶ

ደብሪቱ እባላለሁ። በደርግ ጊዜ ሀዋሳ ውስጥ መሪ ከጨበጡ ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበርኩ። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል፤ ምን በወጣኝ ልደብቀው። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ይርጋለም ላይ በመንግሥት ሥራ ያረጀ ሰው ነው፤ እኔም ተወልጄ ያደግኩት እዚያው ነው። ታይፕ ተማርኩ፣ ተቀጠርኩ፣ መሥሪያ ቤታችን ወደ ሀዋሳ ሲዛወር አብሬ መጣሁ፣ ገብረየስን አገባሁ፣ ምሥራቅ በኩል የቀበሌ ቤት አገኘን። ልጅ አልወለድንም። ይህ ነገር ሆዴን ያባባው ነበር፤ ግን እችለው ነበር።

መኪናዋን የገዛኋት እኔ ነኝ። አባቴ ሲሞት በደረሰኝ ነገር፣ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪክ ላይ ገዛኋት። ነጭ ፊያት ሴይቼንቶ። ሊብሬዋ በስሜ ነው። ገብረየስ መንጃ ፈቃድ ያወጣው እንኳ ከእኔ በኋላ፣ በእሷው ተለማምዶ ነው።

እሷን የነዳ ያውቃታል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ስትነሳ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ትንጫጫለች። ገብረየስ ረጅም ስለሆነ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጭበታል፤ እኔ ግን አጭር ነኝና በልኬ የተሰፋች ነበር የምትመስለኝ። ሙቀት ሲበረታ ውሃዋ ይፈላል፤ ያኔ የሞተሯን ኮፈን ከፈት አድርጎ ጥላ ሥር ማቆም ነው፣ ብዙ አታኮርፍም። የታቦርን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣዋለች፤ ግን ትወጣዋለች። በጋሪና በብስክሌት መሃል ሹልክ ብላ ታልፋለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ነዳጅ አትበላም። ማሽተት ይበቃታል እያልን እንቀልድ ነበር።

ቤንዚን በኩፖን ሲሆን ይህ ጠባይዋ አነገሠን። ማደያው ላይ ሰልፍ ይዘን ስንውል፣ ትልልቅ መኪና ያላቸው ሰዎች ፊታቸው ተኮሳትሮ ይቆማሉ፤ እኛ የትንንሾቹ ባለቤቶች ግን እንደ ማኅበርተኛ አንድ ላይ ተሰብስበን ወሬ ነው። ያንተ ስንት ቀን ሄደችልህ፣ ያንቺስ። የመድኃኒት ቤቱ አቶ አምሳሉ በቮልሱ ይምላል። እኔ በሴይቼንቶዬ እምላለሁ። ጓደኛዬ ጽጌሬዳ ደግሞ በእኔ ወትዋችነት ያንኑ ዓይነት ገዝታ ነበርና ታግዘኛለች።

ጽጌሬዳ አስተማሪ ናት። ከይርጋለም ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ነን። እናቴ ስትሞት ያጠበቻትና የገነዘቻት እሷ ናት። እህት የለኝም፤ እህት ቢኖረኝም ከእሷ አትበልጥብኝም ነበር።

ገብረየስ በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተጠሪ ሆነ። ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ተቀብሎኝ ወደ ውይይት ይሄዳል። ያንን ዘመን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውይይት ነበርኩ ያለ ባል የት ዋልክ ተብሎ አይጠየቅም። ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ጥያቄው ከቤት ወጥቶ ቀበሌ ቢደርስ ሚስትየው ናት ጉድ የሚፈላባት። እንዲያውም አንዳንዴ ሲያመሽ፣ ሰውዬውን በስብሰባ ገደሉት ብዬ እግሩን በሙቅ ውሃ አጥብለት ነበር። ወይ ሞኝነት!

እንግዲህ ኩፖን ከመጣ ወዲህ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። የጽጌሬዳ መኪና በአንድ ሙሌት ቀኑን ሙሉ ስትዞር ከርማ ሌላው ሙሌት ሲደርስ ገና ተርፏት ይገኛል። የእኔዋ ግን ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ብቻ እየተመላለሰች አጋማሽ ላይ ባዶ ትሆናለች። መለኪያውን አያለሁ፣ ማመን ያቅተኛል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች እንዳላይ ደግሞ ቆጣሪዋ በዚያው ሰሞን ቆመ። መካኒካችን ሽፈራው ገመዱ ተበጥሷል፣ ዕቃው ከውጭ ካልመጣ አይገኝም አለኝ። እሺ አልኩ።

ካንዴላዋን አስቀየርኩ። ካርቡራተሯን አሳጠብኩ። ታንከሯ ያፈሳል ይሆን ብዬ ምንጣፍ አንጥፌ ከሥሯ ተኛሁ፤ ጎረቤት ሳቀብኝ። በማደያው ሰልፍ ላይ በእሷ መማል ትቼ እሷን መክሰስ ጀመርኩ። ሁሉም ምክር ያዋጣል። አቶ አምሳሉ፣ ሴት ፍሪሲዮን ላይ እግሯን አሳርፋ ትነዳለች፣ ያ ነው የሚበላው አለኝ። ደሜ ቢፈላም ችግር ላይ ነኝና ሰማሁት። ጽጌሬዳ ምክር አልሰጠችኝም፤ ከኩፖኗ ቆርሳ ሰጠችኝ። አምላክ ይስጥሽ ብዬ አለቀስኩላት።

ገብረየስም ቀስ እያለ የአቶ አምሳሉን ቃል ያዘ። እግርሽ ከባድ ነው፣ ትደፈጥጪዋለሽ፣ ማርሽ ታዘገያለሽ ይለኛል። በእኔ መኪና መንዳት የተማረው ሰውዬ! በመጀመሪያ ተጣላሁት። ኋላ ግን፣ አንድ ነገር ሲደጋገም ሰው ራሱን ይጠራጠራል። እግሬን እያየሁ መንዳት ጀመርኩ። እግሩን እያየ የሚነዳ ደግሞ መንገዱን አያይም፤ አንድ ጋሪ ልገጭ ለጥቂት ተረፍኩ።

ያን ጊዜ ጽጌሬዳን ለመንኳት። አንቺ ከጎኔ ተቀመጪና እዪኝ፣ ጥፋቴን ንገሪኝ፣ አንቺ አትዋሺኝም አልኳት። አንድ እሑድ ከጎኔ ተቀመጠች። ከቤታችን ተነስተን እስከ ሐይቁ ዳር፣ ከሐይቁ ታቦር፣ ከዚያ ተመልሰን። ስንጨርስ ሞተሩን አጥፍቼ ፊቷን አየሁ። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ ለጊዜው ለገብረየስ ብትተዪለት ይሻላል አለችኝ።

በዚያው ማታ ቁልፉን ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ከቤት እስከ ቢሮ መንገዴ በእግሬ ሆነ። ጎረቤቶቼ መኪናሽስ ሲሉኝ፣ ዓይኔን አሞኛል እላለሁ። የነዳጅ ነገርም ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። እኔ ከመሪው ስወርድ መኪናዋ ዳነች ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩት። አንጀቴ ግን ያርር ነበር፤ ከሰው በላይ አውቀዋለሁ የምለው ነገር እሱ ብቻ ነበርና።

ክረምቱ ሲወጣ ገብረየስ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደ። ቁልፉ ኮመዲኖ ላይ ቀርቷል። አየሁት፣ ተውኩት፣ ተመልሼ አየሁት። ሻሸመኔ አንድ ሽማግሌ ክልስ መካኒክ አለ፣ ፊያት በድምፁ ያውቃል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ከሆነም እሱ ይንገረኝ ብዬ ከቢሮ አስፈቅጄ ተነሳሁ። የጥቁር ውሃን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ሻሸመኔ ነዳሁ።

ሽማግሌው ሞተሯን አስነስቶ አዳመጠ፣ ካንዴላዋን ፈትቶ አየ፣ ራሱ ነድቶ ዞረባት። ከወረደ በኋላ ምንም የላትም አለኝ። ወደ ዳሽቦርዱ እጁን ሰዶም፣ ቆጣሪዋ ተፈትቶ ነው እንጂ ገመዱ ደህና ነው ብሎ መልሶ አጠበቀልኝ። ከዚያ ታርጋዋን ጎንበስ ብሎ አየና ግንባሩን ቋጠረ።

«ይቺ የእኛ ሰፈር መኪና አይደለች እንዴ? ረቡዕና ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ላይ የምትቆመው። ሰውዬው ሸጠልሽ?»

አዎ ሸጠልኝ አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ሄድኩ። አረንጓዴው በር ጋ ደርሼ ገና ሳላጠፋት፣ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ሴት ልጅ በሩን ከፍታ እየሮጠች ወጣች። አባዬ መጣ ትላለች። የመኪናዬን በር እንዴት እንደሚከፈት ታውቃለች፤ ከፍታ ዘላ ጎኔ ተቀመጠች፣ ፊቴንም ቀና ብላ አየች። ግንባሯ የገብረየስ ነው። የእኔን የልጅ ስለት ሳይሰማ የቀረው አምላክ እዚህ ሰምቶ ኖሯል።

እናቷ እጇን እየጠረገች መጣች። ለጋ ሴት ናት፣ ደርባባ። አየችኝና ደነገጠች፤ ከዚያ እጅ ነሳች።

«እህታቸው ነዎት? ይግቡ እንጂ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ዘመድ የለኝም ሲሉኝ ነበር።»

«ታላቅ እህቱ ነኝ» አልኩ።

«ነፍሳቸውን ይማር። ጽጌሬዳ ናት ቤቱን ያሳየችዎት? የልጄ ክርስትና እናት እኮ እሷ ናት።»

ያችን ሴት አልሰደብኳትም። ምን አድርጋኝ? እሷም እንደ እኔ ተሸውዳለች። ነፍስ ይማር ስትልልኝ አሜን ብዬ፣ ልጅቷን አቅፌ አውርጄ፣ መኪናዬን አዙሬ ወጣሁ። ከሻሸመኔ ሀዋሳ እንዴት እንደደረስኩ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። የማውቀው ሁሉ ነገር እየተፈታ መምጣቱን ነው። የቆጣሪው ገመድ አልተበጠሰም፤ ሽፈራው ነው የፈታው፣ ወንድ ለወንድ ሆነው። የጽጌሬዳ ኩፖን ለእኔ አልነበረም። ባሌ በእሷ ቤንዚን ነው ሻሸመኔ ሲመላለስ የከረመው፤ እኔ ደግሞ አምላክ ይስጥሽ ብዬ መርቄያታለሁ።

ስለ ገብረየስ ብዙ አልናገርም። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ልብሱን በሻንጣ በር ላይ አገኘው። ሽማግሌ ላከ፣ እኔም ሽማግሌዎቹን አብልቼ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ፍርድ ቤት ለየን፣ መኪናዋ በስሜ ነበረችና በስሜ ቀረች። ባል እንዲህ ያደርጋል፤ የሰማሁት፣ ያየሁት ነገር ነው። ትንሽ አለቀስኩ፣ ወጣልኝ።

ከሻሸመኔ እንደተመለስኩ ግን በቀጥታ የሄድኩት ታቦር ሥር ጽጌሬዳ ቤት ነው። የተማሪ ደብተር እያረመች አገኘኋት። ፊቴን አይታ አወቀች፤ ብዕሯን አስቀመጠች። ተቀመጪ አለችኝ፣ አልተቀመጥኩም።

ልትክድ አልሞከረችም። ገብረየስ ልጅቷ ከተወለደች በኋላ መጥቶ እግሯ ላይ እንደወደቀ፣ ክርስትና እናት እንድትሆንለት በማርያም ስም እንደለመናት፣ በማርያም ስም ተለምና እምቢ ማለት እንዳቃታት ነገረችኝ። አንዴ ልጅ ካነሳች በኋላ ደግሞ አበልጅ ሆነች፤ አበልጅ አበልጁን አያሳጣም። መካን መሆኗ ሳያንሳት ይህንንስ እንዴት ትችለዋለች ብዬ ነው አለች። ትዳርሽ እንዳይፈርስ ብዬ ነው አለች። እያለቀሰች ነበር የምትናገረው። እኔ ዓይኔ ደርቋል። ሰው ምን ያህል በትክክል ሊያስረዳ እንደሚችል እየገረመኝ እሰማታለሁ። ሁሉም ምክንያቷ እውነት ነው፤ አንዱም ግን ያን እሑድ አያስረዳልኝም።

ጠብቄ ጠብቄ እንባዋን ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት።

«ከጎኔ የተቀመጥሽ ዕለት፣ አነዳዴ እንዴት ነበር?»

ቀና ብላ አላየችኝም። ደብተሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ ስታደርግ ቆየች።

«ከሁላችንም ጥሩ ትነጂ ነበር» አለች።

ያኔ በሯ ላይ ተቀምጬ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ፣ ለእናቴ ያላለቀስኩትን ለቅሶ አለቀስኩ።