የጋሽ ታፈሰ ማሰሪያ አንቀጽ

ጢጥ… ጢጥ… ጢጥ። በምንማርበት በጅቡቲው ካርቲየ 3 ሰፈር መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሮቻችንን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆያቸው ሣጥን እንዲህ ይጮኽ ነበር። ዛሬም ያን የመሰለ ድምፅ ስሰማ ዕለቱ ዓርብ ይመስለኛል፤ ጋሽ ታፈሰም ጠመኔ ይዘው ከፊቴ ይቆማሉ።

ጋሽ ታፈሰ ድሬዳዋ ሳሉ የሰዋስው መምህር ነበሩ። ጅቡቲ ከመጡ በኋላ ፔካ 12 በሚባል ሰፈር በአንድ የጭነት መኪኖች ቢሮ ጸሓፊ ሆኑ። ኮምፒዩተርንም እዚያው፣ ሰው ለምሳ ሲወጣ እየነካኩ ተማሩት። የሚያውቁትን ለብቻቸው መያዝ አይሆንላቸውምና በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ ዓርብ ዓርብ፣ ፕሮግራም መጻፍ በነፃ ያስተምሩን ጀመር። የማን ተማሪ ነህ ብትሉኝ፣ ዛሬም ደረቴን ነፍቼ የእሳቸው ነኝ እላለሁ።

የፕሮግራሙ ትእዛዞች በፈረንሳይኛ ነበሩ፤ «ሲ» ማለት «ከሆነ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ፈተናችን ውጤት፣ የምስክር ወረቀት ከሚሰጠው የከተማው ማሠልጠኛ በመጣ ዕለት ክፍሉ የለቅሶ ቤት መሰለ።

«ከሃያው አራት!» አለ ከይረዲን፣ ካርቲየ 6 ሱቅ ያለው የሐረር ልጅ። «ወላሂ፣ የበሰበሰ ቲማቲም እንኳ በዚህ ዋጋ አልሸጥም!»

«አንተማ ሀብታም ነህ» አልኩት። «ለእኔ ሦስት ነው የደረሰኝ።»

ቦንቱ አልሣቀችም። በአንድ የፈረንሳዮች ቤት እየኖረች የምትሠራ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ ልሰናበት ነው የመጣሁት» አለች ወረቀቷን እያጣጠፈች። «ለድጋሚ ፈተናውም አልቀመጥም። ጭንቅላቴ ለድስት እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም።»

ጋሽ ታፈሰ ወረቀቶቻችንን ሰብስበው አንድ በአንድ አነበቡ። እያነበቡ ሄደው ሄደው ፊታቸው በራ።

«ቦንቱ፣ ጥያቄውን እስቲ በአማርኛ ንገሪኝ።»

«ሙቀቱ ከአርባ በላይ ከሆነ፣ ማራገቢያ ክፈት ብለህ ጻፍ።»

«‹ከሆነ› የት ገባች?»

«ከአርባ በላይ ካልኩ በኋላ።»

«በፈረንሳይኛስ?»

«‹ሲ› ነዋ፣ መጀመሪያ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ሁላችንም ወረቀታችንን ነጥቀን አየን። ሙቀት፣ አርባ፣ በላይ፤ «ሲ» ከኋላ፤ «ጻፍ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ከሁሉ መጨረሻ። ቃሉ ፈረንሳይኛ፣ አካሄዱ አማርኛ!

«አያችሁ?» አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ ድምፃቸው በኩራት ከፍ ብሎ። «ማሰሪያ አንቀጹን፣ ‹ጻፍ›ን፣ በቦታው አስቀምጣችሁ ዐረፍተ ነገሩን አሳምራችሁ ዘጋችሁት። ድሬዳዋ ቢሆን ሙሉ ነጥብ ነበር የምሰጣችሁ! አስተሳሰባችሁ ትክክል ነው። አማርኛ የማያውቀው ኮምፒዩተሩ ነው።»

«ታዲያ እሱ ለምን አይማርም?» አለ ከይረዲን።

ሣቃችን ሳያባራ ቦንቱ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ ነበር። «ሲ»ን ከፊት አመጣች፣ ትእዛዙን አስከተለች፣ አርባ ሁለት ብላ ቁልፉን ተጫነች። ማራገቢያ ክፈት የሚለው ቃል ብቅ አለ።

«እልል በሉ እንጂ!» አሉ ጋሽ ታፈሰ፣ ልጁን እንደሚድር አባት ዙሪያቸውን እየቃኙ።

እሷ ግን አልሰማችም። ሠላሳ ብላ ጻፈች። ምንም አልመጣም።

«ካልሆነስ?» አለች ለራሷ። «ካልሆነ ምን ይበል?»

የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ፤ ወደ ሥራዋ የምትመለስበት ሰዓት ነው። ያጣጠፈችውን ወረቀት ዘርግታ ጀርባው ላይ የሆነ ነገር ጫረች። ሻርፗን አነሣች።

«ቦንቱ፣ ስንብቱስ?» አለ ከይረዲን።

ዐይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል፣ «ካልሆነ… ካልሆነ…» እያለች፣ ማናችንንም ደኅና ሁኑ ሳትል ወጣች።