በውሰት የተሰጠው ደጋፊ

አሶሳ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ጠጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ ምናልባት የተቀመጣችሁት ጅረኛ በሠራው ወንበር ላይ ነው። ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ አጉብጦ፣ አስሮ ወንበር የሚያደርግ ጎበዝ ባለሙያ ነው። በእጁ ማንም ነቀፋ አያወጣም። ሰፈሩ የሚያማው በእግሩ ነው። እግረ ደረቅ ነው ይሉታል፤ የገባበት ነገር አይቀናም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሱቄ አጠገብ የኢቲዳል ዲኤስቲቪ ቤት አለ፤ የአርሰናል ደጋፊዎች እዚያ ያለቅሳሉ። ከመንገዱ ማዶ የወንድማገኝ ቤት አለ፤ የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊዎች እዚያ ይስቃሉ። እኔ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ስለሆንኩ የራሴ ቤት የለኝም። ለእኛ ቤት ከፍቶ የሚከስር ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ጅረኛ አርሰናልን የያዘው በ1996 ዓ.ም ነው፤ ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ በወሰደበት ዓመት። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ብልጥ ነኝ ብሎ አሸናፊ መረጠ። እሱ ከመረጠው ጀምሮ ቡድኑ ያን ዋንጫ በእጁ ነክቶት አያውቅም። ይህን ቆጥሮ ያወጣው ጋሽ ኢተፋ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህርና የሰፈራችን የአርሰናል ደጋፊዎች ሰብሳቢ። ማን እንደመረጠው የሚያውቅ የለም።

ነገሩ የፈነዳው በ2015 ሚያዝያ ላይ ነው። ጅረኛ ባምባሲ ውስጥ ለአንድ ሆቴል ወንበር ሊሠራ ሄዶ ከጥቅምት እስከ መጋቢት እዚያው ከረመ። አርሰናልም እነዚያን ወራት ሊጉን እየመራ ከረመ። ጅረኛ ተመልሶ ኢቲዳል ቤት ሲገባ ሊቨርፑልን ሁለት ለዜሮ እየመሩ ነበር፤ ሁለት ለሁለት አለቀ። በሳምንቱ የፋሲካ ዕለት በልቶ ጠጥቶ ዘግየት ብሎ ገባ። ዌስትሃምን ሁለት ለዜሮ እየመሩ ነበር። ገና ሳይቀመጥ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠባቸው፤ ይኸኛውም ሁለት ለሁለት አለቀ። ጋሽ ኢተፋ ከመቀመጫው ተነሥቶ ከእግር እስከ ራሱ አየውና «አንተ ሰውዬ፣ ባምባሲ ሥራ አለቀ እንዴ?» አለው።

ዋንጫው ካመለጠ በኋላ ጅረኛ ኢቲዳል ቤት እንዳይገባ ተወሰነ። ኢቲዳል የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ ሰው መከልከል አይሆንላትም። «ወላሂ እኔ ጅረኛን ምንም አልጠላም» አለችኝ። «ግን እሱ ሲገባ ጎል ትገባለች። ሰው ይቆጣል፣ ወንበር ይሰብራል።» የሚሰበረውን ወንበር የሚጠግነው ደግሞ ያው ጅረኛ ነበር። ጠዋት እየገባ ይጠግናል፤ ኳስ ሲጀምር ይወጣል።

ሚስቱ ገላኔ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት። «በጌታ የሚያምን ሰው ገድ ብሎ ነገር ያምናል?» አለችው።

«እኔ አላምንም። እነሱ ናቸው የሚያምኑት።»

«ታዲያ ለምን አትገባም?»

«እውነት ቢሆንስ?»

ቤት ሆኖ እንዲያይ ብመክረው አልሰማኝም። ብቻውን ጎል ብሎ የሚጮህ ሰው እብድ ነው አለኝ። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዋንጫው በሚመጣበት ቀን እዚያ ቤት ውስጥ፣ እነዚያው የሚሰድቡት ሰዎች መሐል መገኘት። ለዚህ ሲል ሃያ ዓመት ጠብቋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው፤ ወተቷን ሳያይ እሷን ሲያልብ የሚኖር ሰው ያየሁት ጅረኛን ነው።

በ2016 ዓ.ም ሚያዝያ እስኪደርስ ቻለው። ከዚያ አቃተው። ከአስቶን ቪላ ጋር ዜሮ ለዜሮ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ገባና ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በቀረችው ጊዜ ውስጥ ሁለት ጎል ገባ፤ ሁለቱም አርሰናል ላይ። ማን እንደለየው አላውቅም። እኔ ያየሁት ኮፍያው ቀድሞት መንገድ ላይ ሲያርፍ ነው።

ሊጉ ግንቦት 11 ቀን እሑድ የሚያበቃ ሆነ። ሲቲ በሁለት ነጥብ ይመራል። አርሰናል ካሸነፈና ሲቲ አቻ እንኳ ከወጣ ዋንጫው የአርሰናል ነው። ሁለቱም ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት ይጀመራሉ። ቅዳሜ ጋሽ ኢተፋ ጅረኛን እጁን ይዞ ወደ ሱቄ አስገባው።

«ያ ጅረኛ፣ አስቤበታለሁ» አለው በኦሮምኛ እየጠራው። «አንተ የደገፍከው ቡድን ይወድቃል። ይኸ በመረጃ የተረጋገጠ ነው። ታዲያ ሁልጊዜ እኛ ብቻ ለምን እንወድቃለን?»

«ምን ልታደርጉኝ ነው?»

«በውሰት እንሰጥሃለን። ለዘጠና ደቂቃ። ወንድማገኝ ቤት ገብተህ ሲቲን ትደግፋለህ።»

ጋሽ ኢተፋ ቀጠለ፤ «ግን ከልብህ። በማስመሰል አይሠራም።»

«ዋንጫው ሲመጣ ታዲያ እኔ የት ልሆን ነው?»

«ማዶ ነህ። ሲያልቅ መጥተን በትከሻችን ተሸክመን እናስገባሃለን። እገዳውም ያኔውኑ ይነሣል።»

ጅረኛ የጣቶቹን ቁስል እያየ እሺ አለ። አንጀቴን በላው፤ ልቤ ግን እየሳቀ ነበር። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ታዛቢ ትሆናለህ። ዩናይትድ ስለሆንክ በዚህ ጉዳይ ምንም የሚነካህ የለም» አለኝ። ስድብ ነበር፤ ግን እውነት ስለሆነ ዋጥ አደረግሁት።

እሑድ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ማዶ ተሻገርን። ወንድማገኝ በሩ ላይ ቆሟል። አባቱ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሲሆን እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ አድጓል፤ የጅረኛን ዝና ከማንም በላይ ያውቃል።

«ምነው ጅረኛ፣ መንገድ ሳትክ?»

«ቡድን ቀይሬ ነው» አለ ጅረኛ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ሃይማኖት ቀየርኩ ቢል እንኳ እንደዚያ የሚያፍር አይመስለኝም።

ወንድማገኝ ተንኮሉ ገብቶታል። ሳቀና ሰማያዊ ማሊያ ከምስማር ላይ አውርዶ ሰጠው። «ግባ። እኛ በገድ አናምንም። ገድ የሚያስፈልገው ለሚሸነፍ ሰው ነው» አለ።

በሁለተኛው ደቂቃ ሲቲ ጎል አገባ። ጅረኛ እንደታዘዘው ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ፊቱን ላየው ግን ቀብር ላይ የቆመ ይመስላል። በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ሁለተኛው ገባ። የማያውቀው ሰው አቀፈው፣ ሌላው ጀርባውን መታ መታ አደረገው፣ ለስላሳ መጠጥ በእጁ አስያዙት። አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ሰውየው ጥፍሩን መብላት ተወ። ተደላድሎ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት ኳስ ሲያይ ዘና ብሎ ትከሻው ወርዶ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚኖሩት?» አለኝ። ቅናት ነበረበት።

በአርባ ሁለተኛው ደቂቃ የሲቲ ተጋጣሚ ዌስትሃም ተገልብጦ በተመታ ኳስ አገባ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሰው ብቻ ጣሪያውን ሊነካ ዘለለ፤ ሰማያዊ ማሊያ ለብሶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ገባ!» እያለ። ወዲያው ከማዶ ከኢቲዳል ቤት ጩኸት ፈነዳ፤ አርሰናልም ከኋላ ተነሥቶ አቻ ሆኗል። ጅረኛ ቆሞ ቀረ። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ወንድማገኝ «ማሊያዬን አታበላሽብኝ» አለው፤ በቁጣ አልነበረም።

በሁለተኛው አጋማሽ ሲቲ ሦስተኛውን አገባና ነገሩን ዘጋ። አርሰናልም ሊያልቅ ሲል አግብቶ ሁለት ለአንድ አሸነፈ፤ ግን ምን ያደርጋል። እኛ ወደ ማዶ ስንመለስ ሰዉ ሁሉ ደጅ ላይ ነበር።

«ታዛቢ፣ ተናገር» አለኝ ጋሽ ኢተፋ። «ከልቡ ደግፏል?»

ዋሽቼ ባድነው ምን ነበረበት። ታዛቢነቱ ራሴ ላይ ወጥቶ «በአርባ ሁለተኛው ደቂቃ ዘለለ» አልኩ።

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «አየህ፤ ልብህ እኛ ጋ ነበር። አንተ በልብህ የደገፍከው ነው የሚወድቀው። አጠፋኸን።»

«እሺ ጋሼ፣ ልቤን የት ልተወው ነበር?» አለ ጅረኛ። ሰው በመውደዱ ሲፈረድበት ያየሁት ያኔ ነው፤ መስካሪውም እኔ ነኝ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

በ2017 ዓ.ም ጅረኛ ማንም ሳያዝዘው ራሱን አገደ። ኢቲዳል ቤት አልደረሰም፣ በደጁም አላለፈም። ውጤት ሊነግሩት ሲሉ ጆሮውን ይይዛል። ኳስ ባለበት ሰዓት ከከተማ ወጥቶ ቀርከሃ ይቆርጣል። ነገሩ ክፉ ወጥመድ ነበር። አርሰናል ያለ እሱ ዋንጫ ካመጣ የእሱ ገደ ቢስነት እስከ ልጅ ልጆቹ ይጸናል፤ ካላመጣ ነፃ ይወጣል። እኔ ብሆን እንዲሸነፉ ስለት እሳል ነበር። ይህንኑ ስነግረው ተቆጣኝ። «እነሱ ዋንጫውን ያምጡ እንጂ እኔ ገደ ቢስ ልባል» አለ።

አላመጡም። ሊጉ ሲያልቅ አርሰናል ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ሁለተኛ ወጣ። በማግስቱ ጋሽ ኢተፋና ኢቲዳል አንድ ላይ ወደ ጅረኛ መሥሪያ ቦታ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ዓመቱን ሙሉ ወደ እኛ እግርህን አላነሣህም» አለ። «እኛ ግን ያው ነን። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም ማለት ነው። በድለንሃል፤ ይቅር በለንና ተመለስ።»

«ወላሂ ፊት ለፊት ያለችው ወንበር ያንተ ናት» አለች ኢቲዳል።

ይጨፍራል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ጅረኛ የሚሰነጥቅበትን ቢላ መሬት አስቀመጠ። ሁለቱን በየተራ አያቸው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ነው።

«ገደ ቢሱ እኔ ብሆን እኮ መፍትሔ ነበረው» አለ። «እኔን ማስወጣት ብቻ ነበር። አሁን ማንን ልናስወጣ ነው?»