እሺ ብላለች

እህቴ ስታርፍ ልጇ ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ወስጄ አሳደግኳት። በዚህ እኮራለሁ፤ አልደብቅም።

አምና ሽማግሌ ተላከባት። የተቀበላቸው ቦሌ ሚካኤል የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። እንደ ወጉ፣ ልጅቷን ጠይቀን መልስ እንሰጣለን፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ ብሎ ሸኛቸው። መጠየቁ የኔ ድርሻ ሆነ። ልብስ ስትተኩስ አጠገቧ ቆሜ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ቤተሰቡም የተከበረ ነው አልኳት። ካውያውን ሳታቆም «አንቺ እንዳልሽ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ለወንድሜ ደውዬ እሺ ብላለች አልኩት።

እንጀራዬ ትርጉም ነው። በዚያው ሰሞን ኦሎምፒያ ካለው ቢሯችን አንድ የድሮ የፈረንሳይ ልብ ወለድ ይዤ ነበር። ከገዳም ትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ትዳራለች። ውል ጸሐፊው ሳሎን ተቀምጦ የጋብቻውን ውል ያነባል፤ እናቲቱ ልጄ ተስማምታለች ትላለች፤ ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ዝም ብላ ቆማለች። እንግዶቹ ጨዋነቷን ያደንቃሉ። እኔማ እናቲቱን እየረገምኩ ነበር የምተረጉመው። አላስችል ብሎኝ ለባልደረባዬ አማኋት። ባልደረባዬ ልጅቷ ራሷ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላለችም አልኩና ደነገጥኩ።

ወይ እኔ! እስከ የካ አባዶ ድረስ በታክሲው መንገድ ሁሉ ያቺን እናት ማማት አቃተኝ። ሽማግሌዎቹ የሚመለሱት በማግስቱ ነበር።

እቤት ስገባ ልጅቷን አጠገቤ አስቀመጥኳት። «እምቢ ማለት እኮ ትችያለሽ» አልኳት።

«እምቢ ብዬ የት ልገባ?» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት አብረን በልተን አብረን አድረን፣ ለካ እቤቴ እንግዳ ሆና ነው የኖረችው። ፊቷ አለቀስኩ። ቤቱ ቤትሽ ነው፣ አገባሽም አላገባሽም አልኳት፤ ይህን እስከዛሬ አለመንገሬ አንገበገበኝ። ያኔ ነው ሰውየውን አልፈልገውም ያለችኝ።

እዚያው ፊቷ ለወንድሜ ደወልኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አላለችም አልኩት። አዋረድሽኝ፣ የሰው ሽማግሌ አስመጥቼ ነገ ምን ልበላቸው አለ።

«ልጅቷን አልጠየቅናትም ነበር በላቸው» አልኩት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ይዝጋ።