ያልፈረምኩበት መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሶፋው ላይ ወርውራ፣ «አያቴ፣ ይሄ ነገር አይረባም፤ ተውኩት» አለችኝ። ጎሽ ልላት ስል አሶሳ ትዝ አለኝ። እኔም በሃያ አራት ዓመቴ አንድ መጽሐፍ ግማሽ ላይ ትቼ አውቃለሁ።

አሶሳ ነው። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር፤ ወንበር ሳይገዛለት ማኅተም የተቀረጸለት ቢሮ በዓይኔ አይቻለሁ። ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። በቀርከሃ አጥር በተከበበ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ግንቦት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ቀዩ ጭቃ ጫማ ይዞ ሲያስቀር፣ የሚያነጋግሩኝ ተማሪዎቼ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ስለ ማካፈል። ብቸኝነት እንደዚያ ዓመት ከብዶኝ አያውቅም።

ከአጥሬ ማዶ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳቅ ነበር። የትምህርት ቤታችን ታይፒስት ዘነበች ግቢ፣ ማንጎው ሥር፣ መምህራኑ ይሰበሰባሉ። በከተማው መጽሐፍ መሸጫ ስላልነበረ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን መጽሐፍ ሁሉም በተራ ያነበዋል፤ ተራውን የምትይዘው ዘነበች ናት። የጨረሰ ሰው የመጨረሻው ገጽ ላይ ይፈርማል፤ የፈረመ ቅዳሜ መጥቶ ቁጭ ይላል። ያልፈረመ ታሪኩ እንዳይበላሽበት ይቀራል። ደንቡ ይኸው ነበር።

ተራዬን ሁለት ወር ጠበቅኩ። እውነቱን ለመናገር የጓጓሁት ለንባቡ ሳይሆን ለቅዳሜው ነበር።

መጽሐፉ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ለወጣቶች የተጻፈ የምናብ ልብወለድ ነው። አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ ከሐይቅ ሥር ያለ መንግሥት ወራሽ መሆኗን ትደርስበታለች። አጀማመሩ ደስ ይላል፤ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሃምሳ ገጽ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ልጅቷ ጭንቅ ውስጥ በገባች ቁጥር አንዲት ነጭ ወፍ እየመጣች ታድናታለች። እስር ቤት ስትገባ ወፏ። ገደል ስትወድቅ ወፏ። ለአራተኛ ጊዜ ስትመጣ ዘጋሁት። ለእኔ አንዲትም ወፍ ስላልመጣች ቀናሁ መሰለኝ፣ በጣም ነው የተናደድኩት።

ዝም ብዬ ብመልሰው ምን ነበረበት? ሰኞ በእረፍት ሰዓት፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ «ይህን ደግሞ አዋቂ ሰው ያነበዋል? ግማሽ ላይ ተውኩት» ብዬ ለዘነበች ሰጠኋት።

«እንግዲያው ቅዳሜ የለህማ!» አለች። ሰዎቹ ሳቁ። ዛሬ ሳስበው ቀልዷን ነበር፤ ያኔ ግን እንደ ፍርድ ሰማሁት።

ቅዳሜን በሬን ዘግቼ ዋልኩ። እሑድ የጂኦግራፊ መምህሩ ሙሳ ማንጎ በፌስታል ይዞልኝ መጣ። ሙሳ የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ አማርኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ይላል።

«አንተ ለምን አልጨረስኩም ብለህ አወራህ?» አለኝ።

«ስላልጨረስኩ ነዋ።»

«ወላሂ፣ እኔም አልጨረስኩም። ወፉ ሁለተኛ ሲመጣ ተውኩት። ግን ፈረምኩ።»

«ደንቡስ?»

ሳቀብኝ። «ዘነበች ራሱ አልጨረሰም! እዚያ መጽሐፍ ማን ያወራል? ስለ ሰው እናወራለን፤ ገንፎ በባሚያ እንበላለን። ቅዳሜ ና።»

«ያላነበብኩትን አንብቤያለሁ ብዬ አልፈርምም» አልኩት። መርህ መስሎኝ ነበር፤ ኩራት ነው። ሙሳ ማንጎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ሁለት ቅዳሜ በአጥሩ በኩል ስሜን ጠራኝ። ሁለቱንም ጊዜ ደብተር እያረምኩ ነው አልኩ፤ በእጄ ደብተር አልነበረም። በሦስተኛው ቅዳሜ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ፤ አልጠራኝም። በቀጣዩ ዓመት ዝውውር አግኝቼ ደሴ ተመለስኩ። እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሳቃቸውን በቀርከሃው በኩል እሰማ ነበር።

ለልጄ ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። «መጥፎ መጽሐፍ መተው ነውር የለውም» ብቻ አልኳት። ስለ መጽሐፉ ልክ ነበርኩ፤ አሁንም ልክ ነኝ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ «መጣሁ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ በምን ይስቁ እንደነበር ዛሬ አውቅ ነበር።