ባሌን የጠራሁበት ቀን

ሴት ልጄ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነች። ባለፈው ክረምት ደብረ ታቦር ልትጠይቀኝ መጥታ፣ አንድ የሞተ የእንግሊዝኛ ግስ አገኘሁ ብላ ስትፈነድቅ አመሸች። «ክሊፕ» ይሉት ነበር አሉ፤ ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው ረስተውታል። ሰውን ሲጠሩ አንድ ቃል አላቸው፤ ለሕፃን ስም ሲያወጡ ሌላ፤ ማዕረግ ሲሰጡ ደግሞ ሌላ። እኛ መጥራት፣ ስም ማውጣት፣ መሰየም እንደምንለው መሆኑ ነው። ያ የሞተው ግን ስም ማውጣቱንም መጥራቱንም አንድ ላይ ይዞ ነበር።

«እማዬ፣ ለዚህ የሚሆን አንድ ቃል በአማርኛ አለን?» አለችኝ።

«ቃሉንስ እንጃ፤ ሥራውን ግን ሠርቼዋለሁ!» አልኳት። ከመደቡ ዘልዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ሰፍሮ ሳለ እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ዱር ገብቷል። በአገራችን ወግ ደግሞ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። «እሱ» ትላለች፣ «ሰውዬው» ትላለች፤ ከወለደች «የልጄ አባት» ትላለች። እኔ ገና አልወለድኩም፤ ስለዚህ ስፈልገው ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር። ምን ያስቃል! ያኔ እንዲህ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ባሌ እንደ ማንኛውም ገበሬ የገብስ ጆንያ ተሸክሞ ገበያ ወጣ። እኔን ሊያይ ነው፤ እብድ! ገና ዓይን ለዓይን ከመገናኘታችን ወሬ የደረሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ገበያውን ከበቡት። ከሩቅ አገር የመጣ አስተርጓሚ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የባሌን ስም ከነአባቱ እየጠራ «ና ውጣ!» አለ። ስሙን እንጂ መልኩን አያውቁትም። ማንም አልወጣም።

«እንግዲያው ሚስቶች ባሎቻችሁን በየስማቸው ጥሩ! ሚስቱ የጠራችው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያልተጠራው ከእኛ ጋር ይሄዳል» አለ አስተርጓሚው።

ወይ ጉድ! እንዲህ ብሎ የሚያዝ ወጋችንን የማያውቅ ብቻ ነው። ሴቱ ሁሉ አፉን በነጠላ ሸፍኖ መሬት መሬቱን ያያል። አንዷ «ያ ረጅሙ» ትላለች፤ ሌላዋ «የልጆቼ አባት» ትላለች። «ስም! ስም!» እያለ ይጮህባቸዋል። ወታደሮቹ ወንዶቹን ወደ መኪናቸው መግፋት ጀመሩ። ባሌም መሀላቸው ነበር።

እውነተኛ ስሙን ብጠራ ማስገደሌ ነው፤ ዝም ብል ይወስዱታል። ወደፊት ለምንወልደው ልጅ በልቤ ያስቀመጥኩት ስም ነበረኝ፤ ለእናቴ እንኳ አልተነፈስኩትም። ነጠላዬን ከአፌ ላይ ገፈፍኩና፣ ገበያው እስኪናጋ ድረስ ባሌን በዚያ ስም ጠራሁት!

ዞር ብሎ አየኝ።

«አቤት!» አለ።

ባል ለሚስቱ «አቤት»! ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አስተርጓሚው «ሂድ» ብሎ ገፈተረው። ይህን ያዩ ሴቶች ሁሉ ድፍረት አገኙና የባሎቻቸው ስም ገበያውን ሞላው። እሰይ! አሁንም በጆሮዬ አለ።

ወደ ኋላ ሳናይ ሄደን ሄደን ጋፋት ስንደርስ፣ «ማን ነው ያ የጠራሽው?» አለኝ።

«አንተ ነሃ!» አልኩት። መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ሳቅን።

ጣሊያን ሳይወጣ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ስም ማውጣት የአማቴ ወግ ነበር፤ ባሌ ግን «እናቱ አውጥታለታለች» ብሎ ተሟገተልኝ። ልጁ ያንን ስም ያዘ። ባሌን ከዚያ ወዲያ በስም ጠርቼው አላውቅም። ልጁን በጠራሁ ቁጥር ግን ከደጅ ሁለት «አቤት!» ይመጣ ነበር፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። ስንቱን ዓመት ስቄበታለሁ!

ባሌ ካረፈ ቆየ። ያ ልጅም ዛሬ ሽበት አውጥቷል። ሊጠይቀኝ ሲመጣ በስሙ እጠራዋለሁ፤ እሱም «አቤት» ይለኛል። ከዚያ ወዲያውኑ አልናገርም፤ ሁለተኛውን ትንሽ እጠብቃለሁ።