የተነበበ ተነቧል

ማርቪስ ሃውገን የግዛቱ ምክር ቤት ሥራ የገባችው ለአንድ ዘመን ጉባኤ ብቻ ብላ ነበር፤ ዘመን ጉባኤው በሁለት ዓመት አንዴ ከጥር እስከ ሚያዝያ ይካሄዳል። ባሏ ሴልመር በሠላሳ አራት ዓመቱ ልቡ ቀጥ ብሎ ትራክተር ላይ እንደተቀመጠ ሲሞት፣ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ ከገጠር ወደ ርዕሰ ከተማው መጣች። ከዚያ በፊት በትውልድ ከተማዋ የስልክ ማዞሪያ ቤት ትሠራ ስለነበር ቃል አትውጥም፤ ስምም አታሳስትም። የምክር ቤቱ ዋና ጸሐፊ ከርሚት አንድ ጊዜ በስልክ ሰምቷት፣ "አንቺ እኮ ለንባብ ነው የተፈጠርሽው፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ ብቻ ነይ" አላት። እሺ ብላ ሄደች። ሃያ ስድስት ዓመት ቆየች።

ሥራዋ ተመልካችን የሚያስዛጋ ነው። ተወካዩ ረቂቅ ሕጉን አጽፎ፣ ፈርሞ፣ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ጥግ ያለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። ማርቪስ ቁጥር ትሰጠዋለች። በማግስቱ ጉባኤው ሲከፈት ርዕሱን ቆማ ታነባለች፤ አፈ ጉባኤው "ለዚህኛው ኮሚቴ ተመርቷል" ይላል፤ እሷ ደግማ ታሰማለች፤ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። አለቀ። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ተወካዮቹ ራሳቸው በዚያ ሰዓት ጋዜጣ ያገላብጣሉ፣ እርስ በርስ ስለ በረዶው ያወራሉ።

ማርቪስ ግን ያቺን ደቂቃ ታውቃታለች። ረቂቁ ጉዳዩ ለሚመለከተው ኮሚቴ ከተመራ ቀጠሮ ይያዝለታል፣ ሰው ከየመንደሩ ነድቶ መጥቶ ይናገርበታል፣ ይታረማል፣ ይሰደባል፣ ይወደሳል። "የመንግሥት አሠራር ኮሚቴ" ለሚባለው ከተመራ ግን አበቃለት። የዚያ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የአፈ ጉባኤው ጓደኛ ነው፤ መሳቢያውን ይከፍታል፣ ይጨምረዋል፣ ይዘጋዋል። ሚያዝያ ሲመጣ ዘመን ጉባኤው ያልቃል፤ ማንም "አልደግፍም" ሳይል ረቂቁ ይሞታል። ሠራተኞቹ ኮሚቴውን "ማቀዝቀዣው" ይሉት ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያ ሦስት፣ ጥር ላይ ጆይስ ፕሮሃስካ የምትባል አዲስ ተወካይ ገባች። የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ባሏ ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ትልቅ የእህል ነጋዴ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ተጣብቆ አልወርድ ያለ በቆሎ ሊቆሰቁስ እንደ ፎቅ የረዘመው የቆርቆሮ ጎተራ ውስጥ ገባ። ውጭ ያለው ሰው ይህን ሳያውቅ እህሉን ከሥር የሚስበውን ሞተር አስነሣ። በቆሎው ሰውየውን ዋጠው። ጆይስ ያዘጋጀችው ረቂቅ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው፤ ሰው ጎተራ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ይቆለፍ፣ ቁልፉም በገባው ሰው ኪስ ይሁን ይላል።

ማርቪስ ረቂቁን አልወደደችውም። ወንድሟ ኦርሊን ገበሬ ነው፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሷ ቤት ምሳ ሲበሉ የድንች ድስቱን በማንኪያ እየደበደበ ጮኸ።

"በገዛ ግቢዬ! በገዛ ጎተራዬ! ነገ ደግሞ ላም ስታልብ ጓንት አጥልቅ ይሉኛል!"

"ድስቱ ምን አደረገህ? እኔ ላይ አትጩህ፤ እኔ አንባቢ ነኝ።"

"አንቺስ? አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"የማይረባ ነው" አለች ማርቪስ። "አጻጻፉም አይጥምም። አሁን ብላ።"

ሰኞ ዕለት የረቂቁ ተራ ደረሰ። አፈ ጉባኤው ጌይሎርድ ሩስታድ ቀብር ሄዶ ስለነበር ምክትሉ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው። ማርቪስ አነበበች፤ "ረቂቅ ሕግ ቁጥር አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰባት፤ አቅራቢ ወይዘሮ ፕሮሃስካ፤ በእህል ጎተራ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን ደኅንነት የሚመለከት።" ምክትሉ እህል የሚለውን ሰማ፤ ብዙም አላሰበ። "ለግብርና ኮሚቴ" አለ። ማርቪስ "ለግብርና ኮሚቴ ተመርቷል" ብላ ደገመች። መዶሻው ተመታ። ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ የአፈ ጉባኤው ረዳት ዴል ቢጫ ወረቀት ይዞ መጣ። ክራባቱ ከእሱ የረዘመ፣ ለሁሉም ፈገግ የሚል ሰው ነው።

"ማርቪስዬ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። ያቺ የጎተራ ነገር፣ ለመንግሥት አሠራር ነበር የታሰበችው። አፈ ጉባኤው ያዘጋጀው የምሪት ዝርዝር ምክትሉ ጋ ሳይደርስ ቀርቶ ነው። መዝገቡ ላይ አስተካክያት።"

"ተነቧል እኮ።"

"አውቃለሁ። የጽሕፈት ስህተት በያት።"

"የጽሕፈት ስህተት የለውም። የእኔ ጽሑፍ ነው፤ እየው፣ እንዴት እንደሚያምር።"

ዴል ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶላት ሄደ፤ እሷም በሁለት ጣቷ አንሥታ የቆሻሻ ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ አንጠለጠለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አፈ ጉባኤው ራሱ አስጠራት። ሩስታድ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ እጁ ሞቅ ያለ፣ የሁሉንም ሠራተኛ የልጆች ስም የሚያውቅ ሰው ነበር። የማርቪስ ትልቋ ልጅ ስትዳር ሠርጓን በልቷል።

"ቁጭ በይ፣ ማርቪስ። ምን ሆንሽ? ዴል የነገረኝን ማመን አቃተኝ።"

"አልቀመጥም፣ ክቡር አፈ ጉባኤ። ሥራ አለብኝ።"

"ያቺ ሴትዮ ልቧ ተሰብሯል፤ አዝንላታለሁ። ግን ሕግ በለቅሶ አይወጣም። አንቺም የገበሬ ልጅ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ረቂቁን ትወጂዋለሽ?"

"አልወደውም።"

"ታዲያ!" ብሎ እጁን ዘረጋ። "ታዲያ በምን ነው የምንጣላው?"

"እኔ ለረቂቁ አይደለም የቆምኩት። ከመቶ በላይ ሰው በተቀመጠበት ለግብርና ብዬ አንብቤያለሁ። ኮሚቴውን መቀየር ከፈለጉ ደንቡ አለ፤ ጉባኤው ላይ ያቅርቡት፣ ድምፅ ይሰጥበት። ያነበብኩትን አላነበብኩም ማለት ግን አልችልም።"

"አትችይም ወይስ አትፈልጊም?"

"ሁለቱንም።"

ሩስታድ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አንቺ ሲላት የኖረው ሰው ድንገት አንቱ አላት።

"ወይዘሮ ሃውገን፣ ቅጥርዎ በየዘመን ጉባኤው በእኔ ፊርማ እንደሚታደስ ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ" አለች። "እርስዎም በየሁለት ዓመቱ በሕዝብ ፊርማ እንደሚታደሱ አውቃለሁ።"

ከክፍሉ ወጣች። በልቧ 'ምን አስለፈለፈኝ?' አለች። ኮሪደሩ ላይ ውኃ ጠጣች፤ ከዚያም በመጸጸቷ በራሷ ተናደደች። ንዴቱ ጠቀማት።

ጉባኤው አራት ሰዓት ላይ ተከፈተ። በመጀመሪያ የትናንቱ ቃለ ጉባኤ ይነበባል። ከርሚት በታይፕ የተመታውን ገጽ ሲያቀብላት ዐይኗን ሳያይ ነበር። ማርቪስ ዝቅ ብላ ተመለከተች። ቁጥር 1147፣ ለመንግሥት አሠራር ኮሚቴ ተመርቷል ይላል።

"ከርሚት" አለች በሹክሹክታ።

"ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፣ ማርቪስ። አትፍረጂብኝ።"

"አልፈርድብህም። አላነብልህምም።"

ወረቀቱን በግንባሩ ደፋችውና የራሷን መዝገብ ገለጠች። አነበበች፤ የመንገዱን፣ የአደን ፈቃዱን፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሱን። ከዚያም ሳትፈጥን ሳትዘገይ፤ "ቁጥር አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰባት፤ ለግብርና ኮሚቴ ተመርቷል።"

የሩስታድ መዶሻ ወረደ። "አንባቢዋ ፊቷ ያለውን ቃለ ጉባኤ ታንብብ።"

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ፊቴ የተቀመጠው ወረቀት ትናንት እዚህ የተነበበው አይደለም።"

ጋዜጦች ታጠፉ። አንዱ ኋላ ወንበር ላይ "ምን አለች?" ሲል ተሰማ፤ ጎረቤቱ "ውሸት ነው አለችው" ብሎ መለሰለት። ማርቪስ እንዲህ አላለችም፤ አላረመችውም።

"አንባቢዋ የተሰጣትን ታነባለች፣ ካልሆነ ለሌላ ሰው ትለቃለች!"

"ለሌላ ሰው መስጠት ይችላሉ" አለች። "እሱም ትናንት እዚህ ከነበረ ምን እንደሰማ ያውቃል።"

ጆይስ ፕሮሃስካ ተነሣች። አዲስ ስለሆነች ደንቡን ገና አልለመደችውም፤ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች። "የሥርዓት ጥያቄ አለኝ" አለች። ሩስታድ እድል አልሰጣትም። ያን ጊዜ የግብርና ኮሚቴው ሊቀ መንበር ኤልመር ዲትሪች፣ የሩስታድ ፓርቲ ሰው፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ በዱላው ተደግፎ ቆመ።

"ጌይሎርድ፣ እኔ ጆሮዬ ከብዷል። ግን የእኔ ኮሚቴ ስም ሲጠራ ትናንት ሰምቻለሁ። ረቂቁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከፈለግህ ድምፅ አሰጥና ውሰደው፤ በጓሮ በር ግን ከእኔ ላይ አትወስድም።"

ሌላ መንገድ አልነበረም። ድምፅ ተሰጠ። ማርቪስ ራሷ ናት የመቶ አራቱን ተወካዮች ስም አንድ በአንድ የጠራችው። ኮሚቴው ይቀየር ያሉ ሃምሳ አንድ፤ አይቀየር ያሉ ሃምሳ ሁለት፤ አንዱ በጉንፋን ተኝቷል። ውጤቱን ስታሰማ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

የግብርና ኮሚቴው ስብሰባ በየካቲት ሲደረግ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ኦርሊን በበረዶ ዘጠና ማይል ነድቶ መጣ። ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ረቂቁን አብጠለጠለው፤ የገበሬ ልጅ በገዛ ቤቱ በሕግ እንደማይታሰር ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። ከእሱ ቀጥሎ ጆይስ ባሏን ለማውጣት የጎተራው ቆርቆሮ በመጋዝ ሲቆረጥ አምስት ሰዓት ቆማ እንደጠበቀች ተናገረች። አላለቀሰችም። ኦርሊን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ሲያዞር ቆየ።

ማርቪስ ኮሪደር ላይ አገኘችው።

"ይኸው፣ አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ" አላት።

"ዘጠና ማይል ነድተህ የልብህን ተናገርክ አይደል? ማቀዝቀዣው ውስጥ ቢሆን ለማን ልትናገር ነበር? ለድንች ድስቴ?"

ኦርሊን ሊስቅ አልፈለገም፤ አመለጠው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አምስት ሰዓት" አለ። "አምስት ሰዓት ቆመች እኮ።"

ኮሚቴው ረቂቁን አረመው። የገበሬ ቤተሰብ በገዛ ግቢው ከግዴታው ወጣ፤ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ግን እንዲቆልፍ ተደነገገ። በምክር ቤቱ አለፈ። ሕጉን ማጽደቅ ባለበት በሌላው ቤት፣ በሴኔቱ፣ ግን በሁለት ድምፅ ወደቀ። ጆይስ ያን ቀን ማርቪስ ጠረጴዛ ጋ መጥታ "ለከንቱ ነው የተጣላሽልኝ፣ እናቴ" አለቻት።

"ለአንቺ አልተጣላሁም፤ ረቂቅሽንም አልወደውም። ግን ማን እንደጣለው ስማቸው ተጽፏል። መሳቢያ ስም የለውም። እነሱ ጋ ሂጂ፤ በራቸውን አንኳኪ።"

ጆይስ አንኳኳች። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ቁጥር መልሳ አቀረበችው፤ በሁለቱም ቤት አለፈ፤ ሕግ ሆነ።

ያኔ ማርቪስ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። ዘመን ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት፣ በመኸር ወቅት፣ አንድ ትሑት ደብዳቤ ደርሷት ነበር፤ ለረጅም ዘመን አገልግሎትዎ ምስጋናችን የላቀ ነው፣ ቦታው በሌላ ሰው ተሸፍኗል የሚል። ሦስት ቀን መጋረጃዋን ሳትከፍት ቆየች። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ልትቀድደው አስባ ሁለት ጊዜ መልሳ አጠፈችው። በአራተኛው ቀን ፊቷን ታጠበች፣ ለልጇም ደውላ፣ "ያባረሩኝ ከጠረጴዛው ነው፤ ከሕንፃው አይደለም" አለቻት።

ጥር ሲመጣ የምክር ቤቱ በር ሲከፈት ማርቪስ ሕዝብ የሚቀመጥበት ሰገነት ላይ ከፊት ወንበር ቁጭ ብላ ተገኘች። ደብተር ይዛለች። እያንዳንዱን ረቂቅ፣ አቅራቢውን፣ የተመራበትን ኮሚቴ ትጽፋለች፤ በማግስቱ ከታተመው ቃለ ጉባኤ ጋር ታስተያየዋለች። ዴል ሽቅብ መጥቶ፣ ወንበሩ ለእንግዶች የተያዘ ነው አላት።

"እኔ ምን ነኝ? ግብር ከፋይ እንግዳ ነኝ። ክራባትህን ሰብስብ፣ ትረግጠዋለህ።"

አዲሱ አንባቢ ጨዋ ሰው ነበር፤ ግን አቀርቅሮ ለገዛ ደረቱ ያነብ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ረቂቅ ለየትኛው ኮሚቴ እንደተመራ ሳይለይ ሲቀር፣ ማርቪስ ከሰገነቱ ተነሥታ "አይሰማም!" አለች። ከሰገነት መናገር ክልክል ነው። ጠባቂው ወደ እሷ ተራመደ። ሩስታድ መዶሻውን አንሥቶ ሽቅብ ተመለከተ፤ ተያዩ። ጉባኤው በሙሉ አንገቱን አዙሮ ይጠብቃል።

"አንባቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይድገመው" አለ ሩስታድ፤ መዶሻውንም ሳይመታ አስቀመጠው።

በዚያው ዘመን ጉባኤ ጆይስና ኤልመር ዲትሪች አንድ የደንብ ማሻሻያ አሳለፉ፤ አንድ ረቂቅ አንዴ ተነቦ ለኮሚቴ ከተመራ፣ በጉባኤው ድምፅ ካልሆነ በቀር ምሪቱ አይቀየርም፣ ቃለ ጉባኤውም አይነካም የሚል። ሩስታድም ድጋፉን ሰጠ፤ መልሶ ለመመረጥ ያ ያስፈልገው ነበር። ጆይስ ድምፁ እንደተቆጠረ ወደ ሰገነቱ ሮጣ ወጣች። በንግግሯ የማርቪስን ስም ሳትጠራ በመቅረቷ ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ማርቪስ ናት አስቀድማ የከለከለቻት።

"ደስ አይልሽም?" አለቻት ጆይስ። "አዲስ ደንብ እኮ አወጣን!"

"ምን አዲስ አለው?" አለች ማርቪስ ካፖርቷን እየቆለፈች። "ድሮም እንደዚያው ነበር። ተይው፣ እንኳን ጻፋችሁት። አሁን ውረጂ፤ ቀጣዩ ረቂቅ ሊነበብ ነው፣ ወንበርሽ ባዶ ሆኗል።"