የመስጊዱ ወንበር

እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ነው፤ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነውና እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ጉልበቴና የእጄ አንጓዎች ማበጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም፤ በስደት በምኖርበት ከተማ ኪኩቦ ገበያ ያለችውን ሱቄን ቁልፍ በሁለት እጄ ነበር የማዞረው። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ። የበግ ላት አቅልጬ ታሸሁ። አንድ የጅማ ሰው ዋግምት አገመኝ፤ ትንሽ ቀለል አለኝና ተመልሶ መጣ።

በመጨረሻ ንቲንዳ የሚባል ሰፈር የምትኖረው ልጄ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሟ የአገሩ ሰው ናት፤ ልጄ ትተረጉምልኛለች። ደሜን አስመርምራ፣ “ይሄ ቁርጥማት ጨርሶ አይነቀልም፤ ግን ይታገሣል” አለች። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከበላሁ በኋላ ብቻ የምውጠው ኪኒን ሰጠችኝ። ኪኒኑ ደግ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ስሰግድ ግንባሬን መሬት አስነካሁ። እኔ የፈራሁት ሕመሙን አይደለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድን ነው።

እኛ መስጊድ ወንበር ላይ የሚሰግድ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ከወሎ አብረን የወጣን ጓደኛዬ ነው። “ሚኒስትሩ ዛሬም ስብሰባ ላይ ናቸው?” እለዋለሁ።

“ሳቅ አንተ! ጉልበትህ ሹመቱን እያዘጋጀልህ ነው” ይለኛል።

ረመዳን ገባ። ሐኪሟን ሳልጠይቅ የኪኒኑን ሰዓት ራሴ ቀየርኩት። በቴምርና በውሃ አፈጥርና፣ እራት ሳልቀምስ፣ ተራዊህ በሚባለው የረመዳን የሌሊት ሶላት ላይ እንዳያመኝ ብዬ የጠዋቱንም የማታውንም ባንዴ እውጣለሁ። ኪኩቦ የሚሸጥ የቁርጥማት ዱቄትም እጨምርበታለሁ። መድኃኒት ከመድኃኒት አይጣላም ብዬ ነው። ለኮቪዱ ሰዓት እላፊ ሲባል ኢማሙ ሶላቱን ቢያሳጥሩትም ለኔ ጉልበት ረጅም ነበር፤ ግን ቆሜ ጨረስኩ። ሆዴ ግን መቃጠል ጀመረ። ቀጥሎ ዓይነ ምድሬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ያኔ ለልጄ ተናገርኩ፤ ዱቄቱን አስይዛ ሐኪሟ ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ ዱቄቱን አሸተተችና ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። እዚያ አገር ሽማግሌን “ሙዜ” ነው የሚሉት፤ “ሙዜ፣ ጨጓራዎ ደምቷል። እስኪድን ኪኒኑም ይቆማል፣ ጾሙም ይቆማል።”

“ኪኒኑ ከቆመ በምን ጉልበቴ ልስገድ?”

“መስጊዳችሁ ወንበር የለም?”

“ወንበር ላይ ከምቀመጥ ቤቴ እቀራለሁ!”

ልጄ ይችን አልተረጎመችም። ወደኔ ዞረችና፣ “አባዬ፣ አላህ ያገራውን እርስዎ ሊያከብዱት ነው? የሚሰግዱት ለሱ ነው ወይስ ለጓደኛዎ?” አለችኝ።

ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። ኪኒኑን ግን አልነካሁም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ጉልበቴ አብጦ ነቃሁ። በመንገዴ ከሱቄ ደንበኛ የማስቀምጥባትን የፕላስቲክ ወንበር አወጣሁና እንደ ከዘራ እየተደገፍኳት ለንጋቱ ሶላት፣ ለሱብሒ፣ ሄድኩና ከጓደኛዬ ጎን አቆምኳት። ወንበሯን አየ፣ እኔን አየ፣ ጺሙን ዳበሰ።

“መብሩክ! መቼ ተሾሙ?”

“ጠጋ በል” አልኩትና ተቀመጥኩ።

ሰግደን ስንጨርስ ቤቴ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ጾሞ ሳለ አጥሚት ጠጣሁ፣ ሐኪሟ የሰጠችኝን የጨጓራ መድኃኒትም ዋጥኩ።